ዲስኩ ሞላ

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
ወር በገባ በአምስት፣ ጡረተኛው ማልዶ
አግዳሚውን ሞልቷል።
ጥሩአየር መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ አድርጋ
ዝርዝሩን ታነባለች፣ በጣቷ መስመር ፈልጋ፤
"ሻምበል ዱባለ ውቤ!"
ሻምበል ተነሡ፤ ከዘራቸው ቀደመ።
"አቶ ዲስኩ ሞላ!"
አዳራሹ ዝም፤ አንገት ሁሉ ዞረ ወደ ኋላ።
"ዲስኩ ሞላ! የለም?" ደገመች፣ ሠለሰች።
"አውቀዋለሁ" አሉ አንድ አዛውንት፣
ሰው አላውቅም ማለት የማይሆንላቸው፣
"ረጅም፣ ቀይ ሰው፣ ለገሃር ግምጃ ቤት አብሮኝ የነበረ።"
"ታዲያ ምነው ቀረ?"
"አርፎ ይሆናላ!"
"ነፍስ ይማር" ተባለ። ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አነሣ።

እኔ ደረጃው ላይ፣ እጄን ባፌ ጭኜ፣
ሟቹን አውቀዋለሁ፤ አባቱ ነኝ እኔ።
ማሽኑ ሌሊቱን ሆዱ ጠብቦት
"ዲስኩ ሞላ!" ሲል ጮኸ፤
ጩኸቱን ግን ያኔ ስጽፍ፣ ሰነፍ እጄ፣
ስም በሚወጣበት ለቀቅኩት በደጄ።
ደርዳሪው ምን ገዶት! በፊደል ተራ ሰካው፣
ከዱባለ በታች፣ ከዳምጤ በላይ።
"አቶ" ያለችው ጥሩአየር ናት፣ ከራሷ ጨዋነት።

ማታ አፉን ልለጉመው ዳዳኝ። ቀላል ነበር፤
አንድ መስመር ብቻ፣ ጩኸት ሁሉ ጉድጓድ እንዲቀበር።
ግን ዲስኩ እውነትም ሞልቷል።
ዝም ካለ፣ አንድ ወር ዝርዝሩ "ጸ" ላይ ይቆረጣል፤
እነጸዳለ፣ እነፋንቱ
መስኮቱ ሥር ይቀራሉ፣ ሳይነገራቸው ምክንያቱ።

ወደ አራት ኪሎ ስሳፈር የሚኒባሱ ረዳት
ወገቡን በመስኮት አውጥቶ
"አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!" ለአስፋልቱ ያድላል፤
ጊዮርጊስን እንዳለፍን ግን አንገቱን ይመልሳል፣
ለሾፌሩ ጆሮ ብቻ "ታች ትራፊክ ቆሟል" ይላል።
አፉ አንድ ነው። የአንዱን ለሌላው አልሰጠም።
ትራፊኩን ለመንገድ ቢጮኽ
ማን ይሳፈርለት ነበር?

በነጋው አንዲት መስመር ቀየርኩ፤
ስም በፊት ለፊት በር፣
ጩኸት በጓሮ፣ ነቅቶ ወደሚያድር ሰው፣
እስከ ኪሴ፣ እስከ ስልኬ።

ወር ዞሮ በአምስት፣ ጥሩአየር
ከዱባለ ወደ ዳምጤ ተሻገረች፣ ሳታነጥስ።
ያ አዛውንት ግን መስኮቱን አንኳኩ፦
"የዲስኩ ልጆችስ? የሚገባቸውን ወሰዱ?"
ቀና አለች። ወደ ደረጃው፣ ወደ እኔ አየች።
ምን ልበል?
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንዘፈዘፈ።
እሱ ነበር።