ባዶ ሙቀጫ

የጸሎት ቤታችን በታሸገ ዘመን፣
አግዳሚ ወንበሩ ለቀበሌ ሲሆን፣
ዝናብ ነበር ለእኛ ደወልም፣ ከለላም፤
ቆርቆሮው ሲንጫጫ ሰው ሰውን አይሰማም።
ሰማዩ ሲጠቁር በጂሬን ኮረብታ፣
አንድ በአንድ ሆነን፣ ሳንጣራ፣ በዝግታ፣
ጋሽ ዋጋሶ ጓዳ፣ አናጢው ቤት ገባን፤
የዋንዛ ፍልጥ ላይ፣ ሙጫ እየሸተተን፣
አሥራ አንድ ነፍስ ሆነን ጣራውን አገዝን።

እናቴ ታወጣለች፤ ድምጿ ቀጭን፣ ስለት፤
ጋሽ ዋጋሶ ከታች፣ ዘግይቶ በስንት፣
እንደ ከባድ ሳንቃ በመሬት ሲጎተት።
የመዝሙር ደብተሩ በወተት ጣሳ ውስጥ
ከአቮካዶው ሥር ነው፣ ተቀብሮ እንዳይገለጥ፤
ስለዚህ ቃል ሲጠፋን፣ የጎደለውን ቦታ
በላላላ ሞላነው፤ ይቅር ይበለን ጌታ፤
አንዳንዱ ላላላ እስካሁን አብሮን አለ።

ጥር ሲመጣ ግን ሰማዩም ከዳና
ሌሊቱ ጠራብን፤ እንኳን የሰው ዜማ
ውሻ ሲያዛጋም ከሩቅ የሚሰማ።
የአብዮት ጥበቃው ጫማ በጠጠሩ
ሲመጣ፣ ሲመለስ፣ ሲቆጠር በዙሩ፣
አፍ ዘግተን አዜምን፣ በአፍንጫ፣ በጉሮሮ፤
ቃሉ ከጥርስ ኋላ እንደ እስረኛ ታጉሮ።
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥርሴን ያሳክከኛል።
ያ ማሳከክ ዛሬም
አልፎ አልፎ ይመጣል።

አንድ ሌሊት ታዲያ ከአጥሩ ወዲያ
ዱም አለ ሙቀጫ።
ዱም። ደግሞ ዱም።
እትዬ ነጂባ፣ የአባ ፊጣ ሚስት፣
ምን ትወቅጥ ይሆን በዚህ ሁሉ ሌሊት?
በርበሬ አልሸተተን፤
በቆሎም አላየን፣ ድግስም አልሰማን።
ሾልኬ ወጣሁና በአጥሩ ቀዳዳ
ዓይኔን አስጠጋሁት፤ ጨረቃ ነው፣ ሜዳ፤
ሙቀጫው ባዶ ነው።
እንጨት በእንጨት ላይ፣ አየር ትወቅጣለች፤
ክንዷ ሲዝልባት እጅ ትቀይራለች።
«ምነው በዚህ ሰዓት?» ሲላት ዘበኛው፣
«እንቅልፍ እምቢ ላለው ሥራ ነው መተኛው»
አለችው፤ ደገመች።
ዱም።

ምቷ ግን አይገጥምም። የእኛን አታውቀው፤
ሦስት ስንል ሁለት፣ ስንጨርስ አንድ ነው።
ስንት ሌሊት ታገልን፤ በኋላ እናቴ
መዝሙሩን ይዛ፣ ቀስ አድርጋ፣ በስልት፣
ሁለተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ ጨመረችበት፣
የነጂባ ዘነዘና እስኪወርድ ልትጠብቅ።
አልተነጋገሩም።
በማግስቱ ጠዋት ጨው ተበዳደሩ፣
ስለ ጨው አወሩ።

ነጂባ ባለፈው ዓመት፣ በሙሐረም፣ ዐረፈች።
ከቀባሪው ኋላ ጭቃውን ይዤ ሄድኩ።
መዝሙር አይባልም እዚያ፤ አላሰማሁም፤
አፌን ዘግቼ ግን፣ በአፍንጫ፣ በጉሮሮ፣
ቃሉን እንደ ድሮ ከጥርሴ ኋላ አጉሬ።
ማንም አልዞረም።

ዛሬ ጸሎት ቤቱ ሴራሚክ ለብሷል፤
የድምፅ ማጉያው አዌቱን ይሻገራል፤
ኪቦርድ የሚመታው ያ ጨዋ ልጅ መጥቶ
«ጋሼ፣ ይዘገያሉ» ይለኛል፣ አንገቱን ደፍቶ።
እሺ እለዋለሁ።
እሑድ ከጉባኤው ጋር እነሣለሁ፣
አምስት መቶ ሰው እንደ አንድ ጅረት ሲወርድ
አብሬ እወርዳለሁ፣ እስከ ሁለተኛው ስንኝ፤
እዚያ ስደርስ ግን ጉሮሮዬ ይዞኝ
ሁሉም ያልፉኛል።
እኔ ቆሜያለሁ፣
ዘነዘናው እስኪወርድ።

ሙቀጫው ዛሬም በልጇ ደጅ አለ።
ዝናብ ያቁራል።
ዶሮ ይጠጣበታል።