ሦስት ፌዝ

ሃያ ሁለት ዓመት ሳነብ ኖሬ ቁጥር፣
ከጊዮርጊስ በታች በር ለበር ስዞር፣
የሰው ስም ይጠፋኛል፤ ቁጥር አይጠፋኝም።
ስለዚህ የምለው የጆሮ ወሬ አይደለም።

እሪ በከንቱ ላይ፣ ከቁልቁለቱ አናት፣
በሁለት ምሰሶ መሃል የሰቀሉት፣
ሌት ተቀን የሚያዜም ዘይቱን ጠጥቶ፣
አንድ ትራንስፎርመር ነበረ፣ አርጅቶ።
አርባ አራት አሥራ ሰባት ይላል ደረቱ፤
ርግብ ጎጆ ሠርታ ነበር ከአናቱ።

ባልካቸው ልብስ ሰፊው ካውያ የሚያግለው፣
የወይዘሮ ተናኘ ወፍጮ የሚዞረው፣
የጓንጉል ፀጉር ቤት መላጫው የሚጮኸው፣
በእሱ ነው።
በእሱ ነበር።

በሰኔ አንድ ሌሊት ክሬን ይዘው መጡና፣
ነቅለው ወሰዱት፤ «ለምን?» «ለጥገና።»
ርግቧ ሁለት ቀን ሽቦው ላይ ዋለች፤
በሦስተኛው ግን እንደ መብራት ሄደች።

ሐምሌ አለፈ። ነሐሴ ሻማውን ጨረሰ።
ኮሚቴ ተመረጠ፦ ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ወጣት፣ አንድ ማመልከቻ።
መስኮት አምስት ወደ መስኮት ሦስት መራቸው፤
መስኮት ሦስት ምሳ ወጥቶ ነበር።
«ሲስተም የለም።» «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»
በመጨረሻ አንዷ፣ አንገቷን ሳታቀና፣
«ኃይል የለም» አለቻቸው፣
በጠራራ ፀሐይ አሥራ ሁለት አምፖል ከአናቷ በላይ እየበራ።

እሪ አልን።
ለካ ይህን ስም ለሰፈሩ ያወጡት
መስኮት አምስት ደርሰው የተመለሱት ናቸው!

መስከረም ጠባ። «አዲስ ደንበኛ አለ፣
ሄደህ መዝግብ» ብሎ አለቃዬ ላከኝ።
ከአስፋልቱ ማዶ፣ መስታወት የለበሰ ባለ ዐሥር ፎቅ።
በጓሮ ገባሁ። አረንጓዴ ቀለሙ ገና ያልደረቀ፣
ግን ድምፁን ለየሁት ሳላየው በፊት፤
ያንኑ ዜማ ነው የሚያዜመው።
ቀለሙን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፦
አርባ አራት አሥራ ሰባት።
ከብሎኑ ሥር አንዲት የርግብ ላባ
ከነቀለሙ ተጣብቃ ቀርታለች።

«የማን ነው ሕንጻው?» ስለው ዘበኛውን፣
ሳቀብኝ፤ «አታውቅም የአለቃህን አማች?
የሚስቱ ወንድም ነው። ጨረታ አሸናፊ፣
ጄኔሬተር አስመጪ፤ ሱቁ ያው ከታች።»
ወረድኩ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ትልቅ ትንሽ ሞተር፣
ከነ ዋጋው ቆሟል፤
ባልካቸው ልብስ ሰፊው ተሰልፎ ነበር፣
በዱቤ ሊገዛ።

ወንዙማ ምን አጠፋ? ከገደል ሲወረወር፣
ብረት ሲያሽከረክር፣ ተራራ ሲሻገር፣
ለማን ልብራ አላለም፤ ስንት ሌሊት ሲበር።
ከተማ ሲገባ ነው ዘመድ የሚቆጥር።

«ሦስት ፌዝ ነው የገባለት» አለኝ ሽቦ ቀጣዩ።
እውነቱን ነው፤ ቆጠርኩት።
አንዱ ፌዝ፣ መስመሩ ቆጣሪውን ዘሎ አለፈ፤
ዐሥር ፎቅ ሙሉ ሲበራ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተኝቷል።
ሁለተኛው ፌዝ፣ በሻማ ለከረመው ሰፈር
የሦስት ወር ሒሳብ መጣለት፣ «በግምት»።
ወይዘሮ ተናኘ ወረቀቱን ገልብጣ ገልብጣ አየች፣
ከጀርባው ምናልባት ትንሽ መብራት ቢኖር።
ሦስተኛው ፌዝ እኔ ነኝ።
ግምቱን የጻፍኩት በዚህ እጄ ነው፤
«ጻፍ» አለኝ፣ ጻፍኩ፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶብኝ ነበር።

ማታ ቅጹን ሞላሁ። የደንበኛ ስም። አድራሻ። ያለፈው ንባብ፦ የለም።
«ምርመራ» በምትለዋ ጠባብ ሣጥን፣
ሃያ ሁለት ዓመት ባዶዋን ባለፍኳት፣
አርባ አራት አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤
በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ።
ክስ አይደለም። ስድብ አይደለም። ቁጥር ነው።
ላባዋንም አብሬ በስቴፕለር መታኋት።

ነገ ፋይል ክፍል ይገባል።
እኔ የሥራዬን አንብቤያለሁ፤
ከዚህ ወዲያ ማን ተራው እንደሆነ አላውቅም።