የማንጠግቦሽ ምድጃ

የእህቴ የማንጠግቦሽ ናት፤ ዕቁብ የወጣላት ለት
ከፒያሳ ተሸክማ ሳሙና በር ያስገባቻት፤
ቁመቷ አንድ ክንድ፣ ደረቷ ላይ የመስታወት መስኮት፣
ለሰፈሩ ልጆች ልደት ኬክ የምትጋግርባት።

ዛሬ ግን ቫኒላ የለም።
ዛሬ በሆዷ ያሉት
አራት ቢላዋ ናቸው፤
እጀታ ያልገባላቸው፣ ራቁታቸውን የተኙ፣
ትናንት ከዘይት የወጡ፣ ገና ስም ያላገኙ።

ብረቱ የአይሱዙ ባሌስትራ ነው፤
በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ዕድሜ ልኩን የጎበጠ፣
ሲሚንቶና ጤፍ ተጭኖት ቀና ማለት የቆረጠ፣
ኋላም አዘዞ ጋራዥ ደጅ ዝናብ ላይ የተቀመጠ፣
በኪሎ ተመዝኖ ለኔ የተሸጠ።

በአባቴ ወናፍ ነፋሁት፤
ማግኔት “አልይዝህም” እስኪለው አቀላሁት፤
ኑግ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፤
ጮኸ፣ ጨሰ፣ ደነደነ፣
ሞረድ ሲነካው አንሸራቶ ልክ እንደ ጠርሙስ ሆነ።

እንደ ጠርሙስ ማለቴ
ይቆርጣል፤ ከእጅ ካመለጠ ግን
ሲሚንቶው ላይ ሁለት ነው።

የመጀመሪያዬ እንዲያ ነው የሄደው።
ለባለልኳንዳው ለዋሴ በኩራት ሰጥቼው፣
ቅልጥም ላይ ቢያሳርፈው ከአፉ ተሸረፈ፤
ስጋው ውስጥ ስንጥሩን ሲፈልግ ምሽቱ አለፈ።
“የጠይብ ልጅ” አለኝ።
ብሩን እንኳ መልስ አላለኝ።

ጠይብ።
ቃሏን አውቃታለሁ፤ ከአጥሩ ማዶ ናት ቤቷ።
እትዬ ብርቄ፣ አባቴ ሲያልፍ
የልጇን ፊት በነጠላ፣ ወተቷን በሰፌድ የምትከልልበት፣
መጥረቢያዋ ሲዶለዱም ግን በጨለማ የምትልክለት።
“እጄን ትወዳለች፣ ዓይኔን ትፈራለች”
ይል ነበር አባቴ እየሳቀ፤
ሳቁ ግን አንድ ጎኑ
ሳይለዝብ የቀረ ነበር።

እሱ ቴርሞሜትር አያውቅም። ስለቱን በአሸዋ ፈትጎ፣
የጋለ ብረት ላይ አስተኝቶ ቀለሙን ይጠብቅ ነበር፤
“ገለባ ሲመስል ለቢላዋ፣ ጠጅ ሲመስል ለመጥረቢያ፤
ሰማይ ከመሰለ አመለጠህ፤ መልሰህ ከሰል ጨምር።
ብረት ከኩራቱ ጥቂት ካልመለሰ
ካንተ ጋር አያረጅም።”

እኔ ደግሞ ማዞሪያውን ሁለት መቶ ላይ አድርጌ፣
(ቁጥሯን አላምነውም፤ ማንጠግቦሽም አታምነውም፣
ስንት ኬክ አሳርራባታለች)
ሌላ መለኪያ ከውስጥ ሰቅዬ፣ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ
ሁለት ሰዓት ሙሉ በመስታወቷ ልጠብቅ።

አርባ ደቂቃ ሲቀረው
መብራት ጠፋ።

ከጃንተከል እስከ ቀሃ ሰፈሩ በአንድ አፍ “ኧረ!” አለ፤
ከሆቴሉ በኩል አንድ ጀነሬተር አጓራ።
እጄ ወደ በሯ ሲሄድ
“አትክፈታት!” አለች እህቴ፣ “ይወርድብሃል!”
ኬክ እንደሆነ ሁሉ።
ከአልጋዋ ላይ ጋቢዋን ገፋ አመጣች፤
ምድጃዋን እንደ አራስ ጠቀለለቻት፤
ግራና ቀኝ ተቀመጥን።

በዚህ መሃል ኩራዝ መጣ። ከኩራዙ ኋላ እትዬ ብርቄ፣
ክብሪት አልቆባት።
“በጨለማ ምን ታቅፋችሁ ነው?”
“ስለት ነው እትዬ” አለች ማንጠግቦሽ።
አሮጊቷ አማተበች። “ለየትኛው ታቦት?”

ሳቄን ዋጥኩ። ምን ልበል?
“ገና አልሰመረም” አልኩ።
“ይስመርላችሁ” አለችና
ጋቢው ይሞቅ ስለነበር
ሁለት እጇን አሳረፈችበት፤
ቆየች፤
ክብሪቱን ረስታው ሄደች።

መብራት ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መጣ።
እንደገና ከዜሮ ሁለት ሰዓት ሞላሁ።
ሲነጋ በሯን ስከፍት አራቱም ገለባ መስለዋል፤
ነሐሴ ሳይሆን የታኅሣሥ፣ የአውድማ ገለባ።

አንዱን አነሳሁ። እስከ ደረቴ ከፍ አደረግሁ።
ለቀቅሁት።

ሲሚንቶው ላይ ደወለ፤
ዘለለ፤ ዞረ፤ ተኛ።
ሙሉ ነበር።

ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ፣ እንቅልፍ ያልለቀቀው፦
“ምድጃዬን በሎሚ እጠብልኝ።
ከሰዓት ልደት አለብኝ፤
ያለፈው ኬክ ኑግ ኑግ ይላል ብለውኛል።”