ጣሪያውን የምታውቅ ሴት

ቤሌም ላይ ዝናቡ ቀጠሮ ያከብራል፤
ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ቆርቆሮ ላይ ይሰፍራል።
ከጎማ ጠጋኙ በላይ ባለው ፎቅ፣
የላብና የላስቲክ ሽታ ሲተናነቅ፣
እኔ፣ ከወደቡ በረዶ ተሸካሚ፣
እሷ፣ ዓሣ ፋቂ፣ ጉልበቷን ታማሚ።
ጁሴሊያ ይሏታል፤ ሃምሳ ሊሞላት ነው፤
ቀበቶዋ ነትቦ ክሩ ነው የቀረው።

እጅ ተነካክተን፣ ገና ሳልጠጋት፣
በጀርባዋ ተኛች፣ ማንም ሳይገፋት።
እኔ ባደግሁበት በወንዝ ዳሩ ትግል፣
ጀርባው አፈር ሲልስ «አበቃ» ነው ሚባል።
«ይቺማ ወደቀች!» ደስታው ገና ሳይሞቀኝ፣
ሁለት እግር መጥቶ ወገቤን አነቀኝ።

ቁርጭምጭሚቶቿ ከኋላዬ ተቆላለፉ፣
እንደ ሳጥን መቀርቀሪያ።
ቀና ልል እሞክራለሁ፤
እጅጌዬን በአራት ጣቷ ጠቅልላለች፣
በኮሌታዬ ስባ ወደ ደረቷ ታወርደኛለች።
እንደገና ቀና፣ እንደገና ቁልቁል፣
የጉድጓድ ውኃ ባልዲ ሆንሁ።

ሽማግሌው ኡባልዲኖ፣ አሰልጣኛችን፣
ጥግ ወንበሩ ላይ ማንጎ እየላጠ
«ክርንህን ሰብስብ!» ይለኛል።
የቱን ክርን?
ከተያዝሁ ጀምሮ ክርኔ የእሷ ነው፣
እኔ ተከራይ ነኝ።

ላስጨንቃት አልሁና መቶ ኪሎዬን ጣልሁባት።
ትንፋሿ አልፈጠነም።
ፊቴን እንኳ አላየችም፤
በትከሻዬ አሻግራ ወደ ላይ ታያለች፣
ቤቷን ቆልፋ ይሁን አይሁን የወጣችው
ለማስታወስ እንደምትሞክር ሴት።

መጀመሪያ ኮሌታ። አውራ ጣቷ አንገቴ ሥር ገባ፣
የጨርቁ ጠርዝ ጉሮሮዬን
እንደ ዓሣ ቢላዋ ጀርባ ነካው።
እጄን ለአንገቴ ዘብ ላክሁት።
የጠበቀችውም ይህንኑ ኖሯል፦
ዳሌዋ ከሥሬ ተሰርቆ
ከዳር እንደተፈታ ታንኳ ዞረ፣
እግሯ ፊቴን አልፎ ወረደ፣
ክንዴ በጭኖቿ መሃል ቀረ።

ነጠቅሁት! ወጣ! «አመለጥሁ» ብዬ ሳልጨርስ፣
ሌላኛው እጄን እዚያው መርሳቴን ሳላስታውስ፣
የቆጡን አወርድ ስል የብብቴን ጣልሁ፤
በገዛ ትከሻዬ፣ በራሴው ታነቅሁ።

አንድ እግሯ ማጅራቴ ላይ፣
ሌላው በላዩ ታጥፎ ቆልፎታል።
ያ ጉልበት! ያ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣
ዓሣ ገበያ ቆሞ ሲውል የሚያብጠው፣
እሱ ነው አየሩን እንደ ጠርሙስ የከደነው።

ተነሥቼ ላነሣት ስል ቁርጭምጭሚቴን ያዘች።
ትንሽ ወደ ጎን ዞር አለች፣ በጣም ትንሽ፣
የተጨማደደ አንሶላ እንደሚያቃና ሰው፤
ዓለም ጠበበች።
ዝናቡ ራቀ፤ የማንጎው ሽታ ራቀ፤
ጆሮዬ ውስጥ የበረዶ መፍጫው ማሽን ብቻ ቀረ።

ሁለቴ መታ መታ፣ ጭኗን፣ በመዳፌ፤
ልትሄድ የነበረች ነፍሴ ገባች በአፌ።

ስስል ጠበቀችኝ። አልፎከረች፣ ይቅርታም አላለች።
ፀጉሯን እንደገና እያሰረች
ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፦
«ያ ዝገት አደገ። ባለፈው ሳምንት ሎሚ ነበር የሚያክለው።»

ቀና ብዬ አየሁ።
ዝገቱ ብርቱካን አክሏል፤ ጎኑ ቀዳዳ፣
ከቀዳዳው አጠገብ ሰው የለጠፈው ማስቲካ፣
የወፍ ጎጆ ቅሪት፣ ሦስት የጎደሉ ምስማሮች።
እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ላቤን አንጠባጥቤ
ጣሪያ እንዳለው አላውቅም ነበር።

«እንደገና፣» አለች ጁሴሊያ።
በዚህኛው ዙር እኔ ተኛሁ።
ኡባልዲኖ ማንጎውን አስቀመጠ።
ምንጣፉ ለጀርባዬ ቀዘቀዘው፤
አንዲት ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች፤
ከዚያ የእሷ ፊት መጥቶ ዝገቱን ጋረደው፣
እኔም እነዚህን ሁለት ረጃጅም እግሮቼን
የት እንደማደርጋቸው ጠፋኝ።