የፊት ግራ

ሦስት ወር ሙሉ ስታንኳኳ ከረመች፣
በሃዲዱ ስታልፍ ጓ፣
በወንጂ ማዞሪያ ጓ፣
ገና በራችንን ስትገባ ጓ።

ጉደታ ከበረንዳው፣ ከፕላስቲክ ወንበሩ፣
ጆሮውን እንደ ሐኪም ወደ መንገዱ ጣል አርጎ፣
የምላሱን ግማሽ ይዞ፣ ግማሹን ፈልጎ፣
"ቦ… ኮላ" አለኝ። "የፊት ግራ።"
እሱም የተያዘው ግራውን ነው።
ሳቅን፣ ከስምንት ወር በኋላ፣
አንዱ ቀልድ ለሁለታችን እኩል ገብቶን።

ጋራዥ ወስጃት ነበር። ልጁ ከሥሯ ገብቶ ወጣና
"እትዬ፣ ብራቾው በሙሉ ይቀየር፣ አልቆለታል" አለና
ዋጋ ጠራ።
የሰማሁት ቆሜ ነው፣
የመለስኩለት ተቀምጬ።

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሸምሱ ሱቅ፦
"ኦርጅናል ይሁን ቻይና?"
"የእናትህ መኪና ብትሆን?" አልኩት።
ዝም ብሎ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደ።
የሕፃን ጡጫ የምታህል ጥቁር ጎማ፣ መሐሏ ቀዳዳ ብረት።
በዚህች ላይ ነው እንዴ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሽንኩርት፣
ያ ሁሉ ዓመት የተጫነው?

እሁድ ጠዋት፣ ነፋሱ ገና ሳይነሳ፣
ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች እንደቆሙ፣
ድንጋይ ከኋላ ጎማዋ አስደግፌ
ክሪኩን ከደጃፉ ሲሚንቶ ላይ ተከልኩ፤
የሱን ቱታ ለበስኩ፣ እጅጌውን ሁለቴ አጥፌ።
ዙሪያሽ በአጥሩ በላይ ብቅ ብላ
"ምን ጉድ ነው?" አለች።
"ጉደታ ነው" አልኳት።

ምልክት አለን፣ በከዘራው፦
አንዴ ሲመታ "ፍቺ"፣
ሁለቴ ሲመታ "ተይ"፣
ሦስቴ ከመታ ምሳ ነው።
በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር
"ፍቺ" ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያው።

ቡሎኑ ግን ፍቺ አያውቅም፤
ዝገቱ ከብረቱ ጋር ቆርቧል።
ናፍጣ አጠጣሁት፣ ለመንኩት፣
አሥራ ሰባት ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሜ ተንጠለጠልኩበት፣
ቋ! ብሎ ለቀቀ፤
ግንባሬ ላይ ቀይ አቧራ ዘነበ።

አሮጌው ወጣ። ተሰንጥቆ፣ ተፈርፍሮ፣
ብረት ብረትን እንዳይበላ መሐል ገብቶ ያለቀ።
እጄ ላይ ያዝኩት፣ ምንም አይመዝንም።
ሦስት ወር ያንኳኳው ለካ እሱ አልነበረም፤
እሱ የጎደለበት ቦታ ነው።

አዲሱን በሞርሳ ልጨምቅ፣ ዘይት ልቀባው ስል
ሁለቴ መታ።
በአገጩ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ አሳየኝ፦
የሳሙና ውሃ። ዘይት ጎማ ይበላል።
ተንሸራቶ ገባ፣ እንደ ቀለበት።

ገጠምኩ። ላጠብቅ ቁልፉን ሳነሳ፣ ሁለቴ።
ደግሜ ሳነሳ፣ ሁለቴ።
"ምን ላርግልህ ታዲያ?!" ጮህኩ፣ ዙሪያሽ ሰማች።
ላቡ እየወረደ፣ አንድ በአንድ አወጣቸው፦
"ሸክሟን… ትያዝ… መጀመሪያ።"

ሦስት ቃል ነው። የቀረው ከሥሯ ተንጋልዬ የገባኝ ነው፦
ተንጠልጥላ ካጠበቅኳት
ጎማው መንጠልጠሉን ዕረፍት አርጎ ይማራል፣
መሬት በረገጠች ቁጥር ይጠማዘዛል፣
ዓመት ሳይሞላው ይቀደዳል።

ጎማዋን መልሼ፣ ሁለት ጣውላ ላይ አሳረፍኳት።
ከዚያ እሱን። ብብቱን ይዤ፣ እግሩን አንስቼ፣
ከሹፌሩ ወንበር አስቀመጥኩት።
ዲኤክሷ በፊት ግራ በኩል
ትንሽ ዝቅ አለች፣
እንደምታውቀው ክብደት።

እጄን በጎን ሰድጄ ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አሳረፍኩና ጠበቅኩ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፦
ለ"አጥብቂ" ምልክት አላወጣንለትም።
ነፋሱ ተነሳ፣ ኮረብታው ላይ አንዱ ክንፍ ተንቀሳቀሰ፣
አቧራው ዓይኔ ገባ።

እሱ ክላክሱን ነካ።
አንዴ ብቻ አይደለም፤
ሰፈሩ በሙሉ እስኪወጣ።