መብራት መጣ ወይ?

አባቴ ሸዋንግዛው ገመድ ያዥ ነበረ፣
ደብረ ብርሃን ሲለካ ጫፉን ይዞ የዞረ።
መሐንዲሱ ካርታ ላይ መስመር ሲያሰምር
እሱ ጭቃው ውስጥ ነው፣ ችካል ሲቀብር።

ማታ ሲመለስ ግን ሌላ መለኪያ አለው፤
የከተማን ዕድሜ በብርድ ነው የሚያሰላው፦
«ብርዱ አልተለወጠም፣ ያው ነው የጥንቱ፤
የሚለዋወጠው ልብስ ነው በየቤቱ።»

«መጀመሪያ ሰማይ በራ» ይላል ሲጀምር፣
«ሌሊት ላይ፣ ድንገት፣ እንደ ቀለጠ ብር።
ንጉሡ ድንኳኑን እዚሁ ተከለ፤
ከተማው በብርሃን ተጀመረ ተባለ።
እኔን ግን የሚገርመኝ፦ ያን ሌሊት፣ በሬሳ፣
ጊደሯን ፍለጋ ጨለማ ዳብሳ
የወጣች አንዲት ሴት፣ ቀና ብላ ሰገደች? ወይስ
እሳት መስሏት ሮጠች ልጇን ልትቀሰቅስ?
እሱ አልተጻፈም።»

ከዚያማ ጊዜው ዞረ፤ ድንኳኑ ተነቀለ፤
ዙፋን በቆመበት ገብስ በቀለ።
አሞሌው በግመል እስከ አልዩ አምባ፣
ከዚያ በበቅሎ ጀርባ አንኮበር ሲገባ፣
እኛ ዘንድ ማደሪያ ነው፤ ነጋዴው ኩበት አንድዶ
አመዱን ትቶልን ይሄድ ነበር ማልዶ።

በጣሊያን ዘመን ደግሞ ጣርማ በር ተቀደደ፤
ጉሙ በአንዱ ገብቶ በሌላው ወረደ።
አያቴ ማናልብህ ድንጋይ ሲያወጣ ቀረ፤
ዋሻው ላይ ስሙ እንኳ አልተቆፈረ።

እኔ የማውቀው የፋብሪካ ጩኸት፣
የመንዝ በግ ጠጉር ሲፈተል በሌሊት።
ሃያ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፤
አገር አለበስኩና ጣቶቼን እፍ አልኩ።

ገብሱ መሬት ዛሬ ቆርቆሮ ለበሰ፤
ሼዱ ጠባሴን አልፎ ሜዳውን ጨረሰ።
የአባቴ ችካሎች አስፋልት ሥር ናቸው፤
መኪናው ይሄዳል፣ ሳያውቅ፣ ከላያቸው።

እሱም ዓይኑ ከድቶት ግድግዳ ይዳስሳል።
ቀንም ሆነ ሌሊት አንድ ይመስለዋል።
ግን ሲመሽ፣ ሁልጊዜ፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ፦

«መብራት መጣ ወይ?»

ትናንትና ጠፍቶ ነበር፤ ሙሉ ሌሊት።
«አልመጣም» አልኩት። ዝም አለ ጥቂት፤
ባናውን ሳበና፣ ፊቱን ወደ መስኮት፣
«ያቺ ሴትዮ» አለኝ፣ «በዚያ ሁሉ ብርሃን
ጊደሯን አገኘቻት ይሆን?»