ያበጠ ልብ

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር
ቁልቁል ሲወርዱ፣ በቀኝ በኩል ዳር፣
ሊፍቱ የቆመ ሕንፃ አለ አሮጌ፤
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ መጋረጃዬን ጥቁር አድርጌ፣
ጠዋትን አስወጥቼ፣ ሌሊትን አስገብቼ፣
የሰው ልብ አያለሁ መብራቱን አጥፍቼ።

ዛሬ ተራው የአቶ ኤርጫፎ ነው።
በየማረፊያው ቆመው፣ ግድግዳ ተደግፈው
ደረሱ። «ሰባ ሁለት ደረጃ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣
ያመለጠ ትንፋሻቸውን አሳድደው እየዋጡ።

ከወንጂ ነው የመጡት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቦይ ከፍተዋል፣
ሸንኮራው ሲጠማ በሌሊት ተነስተው አጠጥተዋል፣
እስከ ጉልበት ውሃ ውስጥ፣ ባትሪውን በጥርስ ነክሰው።
ውሃው ለስላሳ ነው። ቀንድ አውጣው ትንሽ ነው።
በቆዳ ሾልኮ የሚገባውን
ማን ያየዋል በባትሪ?

«ስኳር ነው ብለው ደሜን ለኩ፤
‹የለብዎትም› ሲሉኝ በሳቅ ሞትኩ፤
ዕድሜ ልኬን እሱን ሳጠጣ ኖሬ
አንዲት ማንኪያ እንኳ ደሜ አልገባችም፣ ዶክተሬ?»

በግራ ጎናቸው አስተኛኋቸው። ጄሉ ይበርዳል አልኳቸው።
«ከቦይ አይብስም» አሉ፤ ሸሚዛቸውን ሰበሰቡ በእጃቸው።
«ይህ ማሽን ማን ይባላል?»
«ኢኮ። የገደል ማሚቶ እንደ ማለት ነው፤
ድምፅ እንልካለን ወደ ውስጥ፤ ሲመለስ ነው የምናየው።»
ዝም አሉ ጥቂት። «እንግዲያ ጥሪያት፣ ማሚቶ እውነቷን ትናገር፤
እኔ ስጠይቀው ስንት ዓመቴ፣ ልቤ አልመለሰልኝም ነገር።»

ስክሪኑ ላይ ወጣ።
ግራው ክፍል ክብ ነበር መሆን ያለበት፣ እንደ ድሮ ሳንቲም፤
ቀኙ ግን ተነፍቶ፣ ግድግዳውን ገፍቶ፣ ቦታ አላስቀረለትም፤
ግማሽ ጨረቃ አድርጎታል።
ቫልቩ ሲዘጋ አይገጥምም፤ ደሙ ወደ ኋላ ያፈተልካል፣
በማሽኑ ቀለም ሰማያዊ ነበልባል፣ በየምቱ ብልጭ ይላል።

ትሉማ ከሞተ ቆየ፤ ኪኒኑን ውጠውለታል።
እንቁላሉ ነው የቀረው፤ ጉበትን አልፎ ሳንባ ገብቷል፣
ጠባሳ ሆኖ የደሙን ደጃፍ ደፍኗል።
ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይላል ሰው፤
ይህ ልብ ግን ደም ሲወቅጥ፣ ሲወቅጥ፣
ሙቀጫው ነው የሰፋው።

ይኸኔ መብራት ሄደ።
ስክሪኑ ጠቆረ፣ ልቡ ከዓይኔ ተሰወረ፤
ከታች የረዳቱ ጩኸት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብቻ ቀረ፤
እጄ ደረታቸው ላይ ነበረ።
ያለ ቀለም፣ ያለ ቁጥር፣ ከመዳፌ ሥር
አንድ ነገር በሩን ያንኳኳል።

«አገኘሽው?» አሉ በጨለማው።
«አገኘሁት።»
«እና?»
«ልብዎ አብጧል፣ አባባ።»
ቃሉን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።
«ልቡ ያበጠ የሚባለው እኛ ዘንድ ሌላ ነው፤
ሰላም ሲሉት አንገቱን የማያዞር አለቃ ነው።
እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎንበስ ያልኩ፣ ከቦይ ቦይ፣
ቀና ያልኩበትን አንዲት ቀን ታሳይኛለሽ ወይ?
ወይ ጉድ! እኔ ጎንበስ ስል
እሱ ውስጤ ሆኖ ሲኮራ ኖሯል?»

መብራት ተመለሰ። ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤
ስለ ጨው፣ ስለ ውሃ መቀነሻው ኪኒን፣ በአማርኛ ነገርኩ፤
ሌላው፣ የማይመለሰው፣ ምላሴ ላይ ቀረ።
«ደረጃው ስንት ነው?» አሉ ወረቀቱን ገልብጠው እያዩ።
«ከባድ ነው።»
«ሰባ ሁለት ነው። ቆጥሬዋለሁ።»

አብሬያቸው ወረድኩ፣ በየማረፊያው እየቆምን።
ከበሩ ፊት የመኪና አጣቢዎቹ ውሃ
ቁልቁለቱን ይዞ ይሮጥና
ፌስታል የዘጋው ቦታ ላይ ይቆማል።
አቶ ኤርጫፎ አዩት። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ተዳፋቱን ለኩ በዓይናቸው።
ፌስታሉን ገፋ አደረጉት በጫማቸው፤
ውሃው መንገዱን እስኪያገኝ ቆሙ፣
ትንፋሻቸውንም
እዚያው እየጠበቁ።